ከነጸብራቁ በታች ያለው በረዶ

ሰው በዐይኑ ያየውን ሁሉ ያወቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ዐይን የሚቀበለው ነገሩን ራሱን ሳይሆን ከነገሩ ተነሥቶ የሚመጣውን ብርሃን ስለ ሆነ፣ ብርሃኑ በመንገዱ ላይ ምን እንደ ደረሰበት ካልመረመርን ያየነው ምን እንደ ሆነ በትክክል ለመናገር አንችልም። ይህንን እውነት አጕልቶ የሚያሳየን አንድ ቀላል ነገር አለ፤ እርሱም በብርድ ወራት ፊቱ የረጋ ሐይቅ ነው። በእንዲህ ያለ ሐይቅ ዳር የቆመ ሰው ወደ በረዶው ቢመለከት፣ በመጀመሪያ የሚታየው በረዶው ሳይሆን ሰማዩ፣ ደመናውና በማዶ የቆሙት ዛፎች ናቸው። የበረዶው ፊት እንደ መስታወት ሆኖ የላዩን ዓለም ይመልስበታል። ከዚያ በታች ግን ሌላ ዓለም አለ፤ እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጣጠቀ መስመር፣ እንደ ዕንቍ የተደረደረ የአየር አረፋ፣ ውሃው ሲረጋ የተወው ክብ ክብ ምልክት ሁሉ በነጸብራቁ ተሸፍኖ ይገኛል። ፎቶግራፍ አንሺው በሌንሱ ፊት አንድ ክብ ብርጭቆ አድርጎ ቀስ እያለ ሲያዞረው፣ ሰማዩ ከበረዶው ላይ እንደ መጋረጃ ይነሣና የታችኛው ዓለም ብቅ ይላል። ይህ ብርጭቆ ፖላራይዘር የሚባለው ማጣሪያ ነው።

ማጣሪያው ዛሬ የካሜራ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ የማይጠፋ ተራ ዕቃ ሆኗል። ይሁን እንጂ በስተኋላው ከ350 ዓመታት በፊት የተጀመረ የምርመራ ታሪክ አለ። የታሪኩም አስደናቂነት፣ መንገዱን ከጠረጉት ሰዎች መካከል የበረዶ ፎቶግራፍ ለማንሣት አስቦ የተነሣ አለመኖሩ ነው። አንደኛው ድንጋይ መረመረ፤ ሁለተኛው የማታ ፀሐይ በመስኮት ላይ ስታበራ ተመለከተ፤ ሦስተኛው መድኃኒት ከውሻ ሽንት ጋር ተዋሕዶ ምን እንደሚሆን ፈተነ፤ አራተኛው የመኪና መብራት የሰውን ዐይን እንዳያጭበረብር ብሎ ደከመ። እኛም በዚህ ጽሑፍ የእነዚህን ሰዎች ሥራ በየተራው ከተመለከትን በኋላ፣ ነጸብራቁን ከፎቶግራፍ ላይ ማንሣት እውነትን መግለጥ ነው ወይስ እውነትን መቀነስ የሚለውን ጥያቄ እናነሣለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። በአማርኛችን በረዶ የሚለው ስም ሰፊ ነው። ከደመና እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እንደ ባዘቶ ነጭ ሆኖ የሚረግፈውንም፣ ውሃ ረግቶ እንደ ድንጋይ የሚጠነክረውንም በዚሁ ባንድ ስም እንጠራለን፤ በደጋ አገር ማለዳ በሣር ላይ የሚታየውን ደግሞ ውርጭ እንለዋለን። ስለ አገራችን በረዶ የተጻፈ እጅግ የቆየ ማስረጃም አለ። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት በአዱሊስ አይቶ የገለበጠው የግሪክኛ የድንጋይ ጽሑፍ፣ ስሙ ያልታወቀ አንድ የጥንት ንጉሥ ወደ ስሜን ተራሮች መዝመቱንና በዚያም በረዶው ሰውን እስከ ጕልበቱ የሚያሰጥም መሆኑን ይናገራል። ያ ንጉሥ በረዶን ያስታወሰው ለእግር እንቅፋት ስለ ሆነበት ነው። የእኛ ታሪክ ግን በረዶን ለዐይን ጥያቄ ስላደረጉት ሰዎች ነው። መነሻውም በረዶ ሳይሆን በረዶ የሚመስል ድንጋይ ነው፤ ክሪስታል የሚለው ቃል ራሱ በጥንቱ ግሪክኛ በመጀመሪያ በረዶ ማለት ነበርና መመሳሰሉን የጥንት ሰዎችም አስተውለውት ነበር።

በ1669 በኮፐንሃገን ያስተምር የነበረው ዴንማርካዊ ኤራስመስ ባርቶሊን፣ ከአይስላንድ ደሴት ስለ መጣ ጥርት ያለ ድንጋይ አንድ መጽሐፍ በላቲን ቋንቋ አሳተመ። ድንጋዩ በጽሑፍ ላይ ሲቀመጥ እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ድንጋዩን ሲያዞሩትም አንደኛው ምስል በቦታው ጸንቶ ሲቆም ሁለተኛው ምስል ይዞራል። ባርቶሊን ያየውን በጥንቃቄ መዝግቦ ምክንያቱን ለሚመጡት ሊቃውንት ተወላቸው። ከእነርሱም አንዱ ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሃይገንስ፣ በ1690 ባሳተመው የብርሃን ጥናት ሁለት እንደዚህ ያሉ ድንጋዮችን አከታትሎ ፈተነ። ከመጀመሪያው ድንጋይ የወጣው ጨረር ወደ ሁለተኛው ሲገባ፣ ሁለተኛው እንደ ተቀመጠበት አኳኋን አንድ ጊዜ ለሁለት ይከፈላል፤ አንድ ጊዜ ሳይከፈል ያልፋል። ሃይገንስ የዚህን ምክንያት ለማግኘት አለመቻሉን ሳይሸሽግ ጻፈ። እንግሊዛዊው አይዛክ ኒውተንም የብርሃን ጨረር እንደ ገበታ ጎን ጎን ያለው ሳይሆን አይቀርም ብሎ ገመተ። ግምቱ ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ ነገር ግን ጥያቄው ከዚያ በኋላ ከ100 ዓመታት በላይ ብዙም ሳይራመድ ቆየ።

ጥያቄውን ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው ኤትየን ሉዊ ማልዩስ የተባለ ፈረንሳዊ የጦር መሐንዲስ ነው። ማልዩስ ከናፖሊዮን ጦር ጋር ወደ ግብጽ ዘምቶ በዚያ በወረርሽኝ ታሞ የተረፈ ሰው ነበር። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በ1808 የፈረንሳይ ሊቃውንት ማኅበር የአይስላንዱን ድንጋይ ምስጢር በሚገባ ለሚያስረዳ ሰው ሽልማት እንደሚሰጥ ስላስታወቀ ማልዩስም ለምርመራው ተነሣ። በዚያው ዓመት አንድ ቀን ማታ በፓሪስ ከቤቱ ሆኖ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርሃኗ በሉክሳምቡር ቤተ መንግሥት መስኮቶች ላይ አርፎ ሲያንጸባርቅ አየና በእጁ በነበረው የአይስላንድ ድንጋይ በኩል ተመለከተው። እንደ ልማዱ ሁለት ምስል እንደሚያይ ሲጠብቅ፣ ድንጋዩን ባዞረ ቍጥር አንደኛው ምስል እየደበዘዘ ሁለተኛው እየጐላ፣ ሁለተኛው ሲደበዝዝም አንደኛው እየጐላ ሲፈራረቅ ተመለከተ። ሌሊቱንም የሻማ ብርሃን በውሃና በመስታወት ላይ እያንጸባረቀ ፈተናውን ደገመው። በዚህም ከተለሰለሰ ነገር ላይ በተወሰነ ማዕዘን ነጥሮ የሚመለስ ብርሃን፣ በአይስላንድ ድንጋይ ውስጥ ካለፈ ብርሃን ጋር አንድ ዓይነት ጠባይ ያለው መሆኑን አረጋገጠ። ሽልማቱን በ1810 ተቀበለ፤ ለዚህ ጠባይ ፖላራይዜሽን የሚለውን ስም ያወጣለትም እርሱ ነው። ዕድሜው ግን አልረዘመም፤ በ1812 ገና የ36 ዓመት ሰው ሳለ አረፈ።

የማልዩስን ግኝት ትልቅ የሚያደርገው ያየበት ስፍራ ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት ሊቃውንት ምስጢሩ በአንድ የሩቅ አገር ድንጋይ ውስጥ ብቻ የተቀበረ መስሏቸው ነበር። ማልዩስ ግን ምስጢሩ በየመስኮቱ፣ በየኩሬው፣ በየረጋው ውሃ ላይ ሁሉ በየቀኑ የሚገለጥ መሆኑን አሳየ። ሰው ሁሉ ዐይኑን አጭበረበረኝ ብሎ ፊቱን የሚያዞርበት ነጸብራቅ፣ ረጋ ብሎ ለሚመለከተው የብርሃንን ጠባይ የሚያስተምር መምህር ሆኖ ተገኘ።

ጠባዩ ምን እንደ ሆነ በሚገባ ያስረዳው ሌላው ፈረንሳዊ ኦጉስቲን ፍሬኔል ነው፤ እርሱም በ1821 ብርሃን ወደ ፊት እየተጓዘ ወደ ጎን የሚርገበገብ ሞገድ መሆኑን ገለጸ። ነገሩን በምሳሌ ብንናገረው ይቀላል። ከአንድ ዛፍ ላይ የታሰረ ረጅም ገመድ የያዘ ሰው ገመዱን ቢወዘውዘው ማዕበሉ በገመዱ ላይ ይሮጣል። ሰውየው ወደ ላይና ወደ ታች ወይም ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንደ ፈቀደ ሊወዘውዘው ይችላል። ገመዱ ቀጥ ብለው በቆሙ ሁለት የአጥር እንጨቶች መካከል እንዲያልፍ ቢደረግ ግን፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዘው ማዕበል ሲያልፍ ወደ ጎን የሚወዛወዘው በእንጨቱ ተመትቶ ይቀራል። የፀሐይ ብርሃን በሁሉም አቅጣጫ የሚርገበገብ ሞገድ ድብልቅ ነው። ከበረዶ ወይም ከውሃ ፊት ነጥሮ የሚመለሰው ብርሃን ግን በአብዛኛው ከዚያ ፊት ጋር ተጋድሞ የሚርገበገብ ይሆናል። ማጣሪያው እንደ አጥሩ ነው፤ ቆሞ ሲገኝ የተጋደመውን ሞገድ ያግደዋል፤ ከበረዶው ውስጥ የሚወጣው ብርሃን ግን ድብልቅ ስለ ሆነ ከፊሉ ያልፋል። ስለዚህ ሰማዩ ሲጠፋ አረፋውና ስንጥቁ ይታያል።

ማዕዘኑንም በቍጥር የወሰነልን የስኮትላንዱ ሊቅ ዴቪድ ብሩስተር ነው። በ1815 ባወጣው ሕግ መሠረት፣ ነጥሮ የሚመለሰው ብርሃን ፈጽሞ ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብበት ማዕዘን ብርሃኑ ያረፈበት ነገር ብርሃንን በሚያጥፍበት መጠን ይወሰናል። ማዕዘኑ ከተጋደመው ነገር ፊት ቀጥ ብሎ ከሚቆመው መስመር ሲለካ ለውሃ 53 ዲግሪ፣ ለበረዶ 52 ዲግሪ ተኩል ገደማ፣ ለተራ መስታወት 56 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህም ለፎቶግራፍ አንሺው የሚሰጠው መመሪያ ግልጽ ነው፤ ካሜራው ከበረዶው ፊት 37 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ወደ ታች ሲመለከት ማጣሪያው በሙሉ ኀይሉ ይሠራል። በቀጥታ ከላይ ወደ ታች ለሚመለከት ወይም ከበረዶው ጋር ተጋድሞ ወደ ሩቅ ለሚመለከት ሰው ግን ማጣሪያው የሚረዳው ጥቂት ነው።

በዚያው ዘመን ፍራንስዋ አራጎ የሰማያዊው ሰማይ ብርሃን ራሱ በከፊል ባንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ መሆኑን አገኘ። ይህ ጠባይ የሚበረታው ከፀሐይ 90 ዲግሪ ርቆ በሚገኘው የሰማይ ክፍል ነው። የሰው ዐይን ይህንን አይለይም ማለት ይቻላል፤ ንብ ግን ትለየዋለች። ካርል ፎን ፍሪሽ የተባለው የኦስትሪያ ሊቅ በ1949 እንደ ገለጸው፣ ንብ ፀሐይ በተሸፈነችበት ጊዜ እንኳ ትንሽ ሰማያዊ ሰማይ ካየች መንገዷን ታውቃለች። ሊቃውንት ከ100 ዓመት በላይ ደክመው በመሣሪያ ያገኙትን ንብ ከጥንት ጀምሮ በዐይኗ ይዛው ኖራለች።

እውቀቱ እንዲህ ሲገኝ መሣሪያው ግን ገና ነበር። የስኮትላንዱ ዊሊያም ኒኮል በ1828 የአይስላንዱን ድንጋይ ሰንጥቆ ሁለቱን ክፍል በዛፍ ሙጫ በማጣበቅ፣ ከሁለቱ ጨረሮች አንዱን ወደ ጎን አስወግዶ ሌላውን ብቻ የሚያሳልፍ መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው ለማይክሮስኮፕ እጅግ ጠቀመ፤ ነገር ግን ጥርት ያለው ድንጋይ እየተወደደና እየጠፋ ስለ ሄደ፣ የካሜራን ሌንስ የሚሸፍን ሰፊ ማጣሪያ ከእርሱ ለመሥራት የማይቻል ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ከሐኪም ቤት ነው። በ1852 በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ የነበረ ዊሊያም ሄራፓዝ የተባለ ሐኪም፣ ተማሪው ኪኒን ከበላ ውሻ ሽንት ላይ አዮዲን ቢጨምርበት የሚያብረቀርቁ አረንጓዴ ቅንጣቶች መፈጠራቸውን ነገረው። ኪኒን ስንል ዛሬ በአማርኛችን ማንኛውንም የሚዋጥ የመድኃኒት ፍሬ ማለታችን ቢሆንም፣ ስሙ በመሠረቱ የወባ መድኃኒት የሆነው የኪኒን ስም መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል። ሄራፓዝ ቅንጣቶቹን በማይክሮስኮፕ ቢመለከታቸው፣ ሁለቱ ሲነባበሩ በአንዳንድ ስፍራ ብርሃን ያሳልፋሉ፣ በአንዳንድ ስፍራ ደግሞ ፈጽሞ ይጨልማሉ። ቅንጣቶቹ ከአይስላንዱ ድንጋይ ይልቅ በጣም ስስ ሆነው ሥራውን የሚሠሩ ማጣሪያዎች ነበሩ። ሄራፓዝ ትልልቅ አድርጎ ሊያሳድጋቸው ብዙ ደከመ፤ ቅንጣቶቹ ግን እጅግ ተሰባሪ ስለ ነበሩ ሳይሳካለት ቀረ።

ከ70 ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ ኤድዊን ላንድ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት የዚህን ሐኪም ሥራ ብሩስተር ስለ ካሌይዶስኮፕ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አገኘው። ላንድ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በመጀመሪያው ዓመት አቋርጦ ወደ ኒውዮርክ የሄደው አንድ አሳብ ይዞ ነበር፤ ይኸውም በሌሊት ፊት ለፊት የሚገናኙ መኪናዎች መብራት ነጂዎችን እያሳወረ የሚያደርሰውን አደጋ ማስቀረት ነው። ሄራፓዝ ያልተሳካለት አንድ ትልቅ ቅንጣት ለማሳደግ ስለ ፈለገ መሆኑን ላንድ አስተዋለ። ስለዚህ መንገዱን ገለበጠው፤ ቍጥር ስፍር የሌላቸው ጥቃቅን ቅንጣቶችን ሠርቶ በስስ የፕላስቲክ ገበታ ውስጥ ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ አሰለፋቸው። የፈጠራ መብቱን ማመልከቻ በ1929 አቀረበ። በ1934 የኮዳክ ኩባንያ ለካሜራ የሚሆን ማጣሪያ ከእርሱ ለመግዛት ተዋዋለ፤ የነጸብራቅ ማጣሪያ ለብዙ ፎቶግራፍ አንሺ እጅ የደረሰው ከዚህ በኋላ ነው። ላንድ በ1937 ፖላሮይድ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። በ1938 ደግሞ የኪኒኑን ቅንጣት ትቶ፣ የተሳበ የፕላስቲክ ገበታ በአዮዲን በመንከር የተሻለ ማጣሪያ አወጣ። የመኪናው ጕዳይ ግን አልተሳካም፤ መኪና ሠሪዎች አሳቡን ሳይቀበሉት ቀሩ። ለአውራ ጐዳና የታሰበው ነገር በሐይቅ ዳር፣ በበረዶ ላይ አገልግሎት አገኘ።

እንግዲህ ወደ በረዶው እንመለስ። በረዶን በፎቶግራፍ በማንሣት ታሪክ ከሁሉ በላይ ስሙ የሚነሣው ማጣሪያውን ያልተጠቀመ ሰው ነው፤ ሆኖም ከላይ ላነሣነው ጥያቄ ዋና ምስክር እርሱ ነው። ዊልሰን ቤንትሊ በአሜሪካ በቨርሞንት ግዛት፣ ጄሪኮ በምትባል መንደር የሚኖር ገበሬ ነበር። ከእናቱ ያገኘውን ማይክሮስኮፕ ከካሜራ ጋር አጋጥሞ በ1885 ጥር ወር የመጀመሪያውን የበረዶ ቅንጣት ፎቶግራፍ አነሣ። እሳት በሌለበት ጎጆ ውስጥ፣ ትንፋሹ ቅንጣቱን እንዳያቀልጠው ፊቱን እየመለሰ፣ በ46 ዓመታት ውስጥ ከ5000 በላይ ፎቶግራፎች ሠራ። በመስኮት መስታወት ላይ የሚሳለውን ውርጭና በውሃ ላይ የሚረጋውን በረዶም አልተወም፤ በ1907 ስለ እነዚህ ረጅም ጥናት አሳትሟል። ከ2000 የሚበልጡ ፎቶግራፎቹን የያዘው መጽሐፍ ከሃምፍሪስ ጋር በ1931 ታተመ፤ ቤንትሊም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ከበረዶ ማዕበል ውስጥ በእግሩ ተጕዞ ከተመለሰ በኋላ በሳንባ ምች ሞተ።

በዚህ ሰው ሥራ ላይ አንድ ከባድ ወቀሳ ተነሥቶ ነበር። በረዶውም በረዶውን የሚከብበውም ነጭ ስለ ሆነ፣ ቤንትሊ ቅንጣቱ ጐልቶ እንዲታይ በኔጋቲቩ ላይ ከቅንጣቱ ዙሪያ ያለውን ቅባት በስለት እየፋቀ ጀርባውን ጥቍር ያደርገው ነበር። ጕስታቭ ሄልማን የተባለው የጀርመን የአየር ጠባይ ሊቅ ይህንን ሲሰማ፣ እንዲህ ያለው ሥራ የቅንጣቱን ጠርዝ ያበላሻል፣ ማስረጃነቱንም ያጠፋል ብሎ ነቀፈው። ሄልማን ራሱ በ1893 ከኖይሃውስ ጋር በበርሊን ያሳተማቸው ፎቶግራፎች ያልተነኩ ስለ ነበሩ ደብዛዛና ብዙውን ጊዜ የተዛነፈ ቅርጽ ያላቸው ነበሩ። ቤንትሊ በበኩሉ የፋቀው ጀርባውን እንጂ ቅንጣቱን አለመሆኑንና ዓላማውም ተፈጥሮን በይበልጥ መስሎ እንዲታይ ማድረግ መሆኑን ተናገረ።

እኛ የሁለቱን ክርክር ስንመዝን ለሁለቱም ድርሻቸውን እንሰጣለን። ቤንትሊ ከቅንጣቱ ላይ አልጨመረም፤ ነገር ግን ከብዙዎቹ መካከል ያማሩትን ስለ መረጠ፣ መጽሐፉን የተመለከተ ሰው የበረዶ ቅንጣት ሁሉ እንከን የሌለው ባለ ስድስት ማዕዘን ኮከብ እንደ ሆነ አድርጎ ሊያስብ ይችላል። ሄልማን ያልተነካውን ስላሳየ የተዛነፈው መብዛቱን አስተማረ፤ ነገር ግን በደብዛዛው ምስል ውስጥ ጥቃቅኑ ሥርዐት ጠፋበት። ስለዚህ እውነትን የሚጐዳው መምረጥና ማጥራት ሳይሆን፣ መምረጡንና ማጥራቱን መሸሸግ ነው። ቤንትሊ አሠራሩን ሳይሸሽግ በመግለጹ ሌላው ሰው ሊነቅፈው ቻለ፤ ሥራው ሳይንስ ሆኖ የቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ማጣሪያው ይህንን ክርክር ወደ ሌላ ደረጃ ያደርሰዋል። ሁለት ማጣሪያዎች ተነባብረው አንደኛው በቆመበት ሁለተኛው ቢጋደም ብርሃን አያልፍም። በመካከላቸው ስስ የበረዶ ገበታ ቢገባ ግን ጨለማው ይገለጥና ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ ቀለም እንደ ቤተ ክርስቲያን መስኮት ተሰባጥሮ ይታያል። ምክንያቱም በረዶ እንደ አይስላንዱ ድንጋይ ብርሃንን ለሁለት የሚከፍል መሆኑ ነው። ሁለቱ ጨረሮች በውስጡ እኩል አይሮጡም፤ ሲወጡና በሁለተኛው ማጣሪያ ሲገናኙ አንዳንዱ ቀለም ይጠፋል፣ አንዳንዱ ይጐላል። ሆኖም የበረዶ የመክፈል ኀይል ደካማ ስለ ሆነ ቀለሙ በሚገባ የሚታየው ገበታው ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ሲሳሳ ነው። እያንዳንዱ ቅንጣት ቀለሙን የሚያገኘው ከውፍረቱና ከተኛበት አቅጣጫ ነው፤ ዋና ዘንጉ ወደ ተመልካቹ የሚያመለክት ቅንጣት ጨለማ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ቀለም በበረዶው ውስጥ ያልነበረ ነው፤ ነገር ግን ውሸት አይደለም። እንዲያውም ሊቃውንት በረዶን የሚያነቡበት ፊደል ሆኗል። በ1966 በግሪንላንድ ካምፕ ሴንቸሪ በተባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ከበረዶው ፊት እስከ ታችኛው አለት 1387 ሜትር ያህል ተቈፍሮ፣ ወደ 100 ሺህ ዓመት ገደማ የሚደርስ የአየር ጠባይ ታሪክ የያዘ በረዶ ወጣ። በግሪንላንድም በአንታርክቲካም እንዲህ ከጥልቀት የሚወጣውን በረዶ ሊቃውንት በስሱ ቈርጠው፣ በሁለት ማጣሪያዎች መካከል አድርገው ፎቶግራፍ ያነሡታል። ከቀለሙም ቅንጣቶቹ ምን ያህል እንዳደጉ፣ የላዩ ክብደት ወዴት እንደ ገፋቸው፣ ታላቁ የበረዶ ክምር ወዴት እንደሚፈስ ይረዳሉ። ለዐይን ጌጥ የሚመስለው ፎቶግራፍ ለአዋቂ ሰነድ ነው።

በሐይቅ ላይ ያለውም እንዲሁ ነው። በካናዳ በአልበርታ ግዛት የሚገኘው የአብርሃም ሐይቅ በ1972 በግድብ የተፈጠረ ሲሆን፣ ፎቶግራፍ አንሺዎች በየዓመቱ በብርድ ወራት ይጐበኙታል። በሐይቁ ወለል የሚበሰብሰው ዕፅዋት ሚቴን የተባለውን ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ አረፋ ሆኖ ወደ ላይ ሲወጣ ከረጋው በረዶ በታች ይታሰራል፤ በረዶውም እየወፈረ ሲሄድ አረፋዎቹ አንዱ ከአንዱ በላይ እንደ ተደራረበ ሰሐን ሆነው ይቀራሉ። ነጸብራቁ ሲነሣ ይህ ሁሉ ይታያል። ነገሩ ውበት ብቻ አይደለም፤ ሚቴን ምድርን ከሚያሞቁት ጋዞች አንዱ ነው። በሳይቤሪያና በአላስካ ሐይቆች ላይ ተመራማሪዎች በረዶው ገና እንደ ረጋ በላዩ እየተመላለሱ እንዲህ ያሉትን አረፋዎች ይቈጥራሉ፤ ከዚህም ከሐይቁ ምን ያህል ጋዝ እንደሚወጣ ይገምታሉ። ከነጸብራቁ በታች ማየት ለጌጥ ብቻ የሚደረግ ነገር አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

እንግዲህ ነጸብራቁን ማንሣት እውነትን መግለጥ ነው ወይስ መቀነስ? በአገራችን የቅኔ ሊቃውንት ሰምና ወርቅ የሚሉትን እናስታውስ። ቅኔ የሚሰማ ሰው ወርቁን ይፈልጋል፤ ነገር ግን ሰሙን የናቀ ወርቁን አያገኝም፤ አንጥረኛም ቢሆን ሰሙን በቅርጹ ካላበጀ ወርቁን የሚያፈስበት አይኖረውም። በበረዶ ላይ ያረፈው ሰማይም እንደ ሰሙ ነው። እርሱም በዚያ ሰዓት በእውነት የነበረ ብርሃን ነው። ማጣሪያውን እስከ መጨረሻው አዙሮ ነጸብራቁን በሙሉ የሚያጠፋ ፎቶግራፍ አንሺ፣ ብዙ ጊዜ በረዶው ጥቍር ጕድጓድ መስሎ፣ የተለሰለሰው ፊቱም ጠፍቶ ያገኘዋል። ልምድ ያለው ሰው ግን የሚፈልገውን ያህል ብቻ ያነሣል፤ አንዳንድ ጊዜም ማጣሪያውን ወደ ሌላው ጎን አዙሮ ነጸብራቁ ይበልጥ እንዲጐላ ያደርጋል፤ የማታው ቀይ ሰማይ በበረዶው ላይ ሲያርፍ የፎቶግራፉ ጕዳይ ራሱ ነጸብራቁ ነውና። መሣሪያው ፍርድን አይሰጥም፤ የሚፈርደው የሚያዞረው እጅ ነው።

ከዚህም ጋር አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ፎቶግራፍ በኮምፒውተር በሚታረምበት በዛሬው ዘመን ቀለምንና ድምቀትን በኋላ ማስተካከል ቀላል ሆኗል። ነጸብራቁ የሸፈነውን ግን በኋላ ማምጣት አይቻልም፤ ካሜራው የሚመዘግበው የብርሃኑን ብዛትና ቀለም እንጂ የሚርገበገብበትን አቅጣጫ ስላልሆነ፣ በጊዜው ያልተለየው ተደባልቆ ይቀራል። ስለዚህ ውሳኔው በሐይቁ ዳር፣ በብርዱ ውስጥ፣ ብርሃኑ ሳይለወጥ መሰጠት ይኖርበታል። ማጣሪያው ቢያንስ የብርሃኑን ግማሽ ስለሚያስቀር ካሜራው በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ መቆም አለበት፤ ሥራው ትዕግሥትን ይጠይቃል።

የዚህ ታሪክ ትምህርት ለመምህርም፣ ለተማሪም፣ በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ የሕዝብን ጕዳይ ለሚመረምር ባለሥልጣንም የሚሆን ይመስለናል። በፊቱ የሚቀርብለት ነገር ሁሉ በመጀመሪያ የሚያሳየው ነጸብራቁን ነው፤ ብዙውንም ጊዜ የሚያየው የራሱን ሰማይ ነው። አቋሙን ጥቂት ለውጦ፣ በሌላ ማዕዘን ቆሞ፣ ቀስ ብሎ ካልመረመረ የታችኛው አይገለጥለትም። ሲገለጥለትም ምን እንዳነሣና ምን እንዳስቀረ መናገር ይገባዋል።

ይህንን በዐይን ለማረጋገጥ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። መምህሩ በማቀዝቀዣ ውስጥ በጠፍጣፋ የመስታወት ሳሕን እጅግ ስስ በረዶ ያርጋ፤ በነጭ ብርሃን በሚበራ የኮምፒውተር ጠፍጣፋ ስክሪን ፊትም ይያዘው። ከእነዚህ ስክሪኖች ብዙዎቹ የሚያወጡት ብርሃን ባንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ነው። ተማሪዎቹም ነጸብራቅ በሚያስቀር የፀሐይ መነጽር በየተራ ይመልከቱ፤ መነጽሩንም ያዙሩት። ስክሪኑ ሲጨልም በረዶው በቀለም ይበራል። ባርቶሊን የተደነቀበት፣ ማልዩስ በማታ ፀሐይ ያየው፣ ሄራፓዝ በኪኒን ውስጥ ያገኘው ሁሉ በዚያች ስስ በረዶ ላይ ተሰብስቦ ይታያል፤ በረዶዋ እስክትቀልጥ ድረስ ለመጠየቅና ለመመለስ የሚበቃ ጊዜ አለ።